የባልሞራልን ታርታን ያወጡት ልዑል አልበርት

በብሪታንያ ሰሜናዊ ክፍል በስኮትላንድ ታርታን የሚባል የሱፍ ጨርቅ አለ። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው መስመሮች ቁልቁልና አግድም እየተላለፉ የዳማ ገበታ መሰል መልክ የሚሰጡት ይህ ጨርቅ አንዳንዱ በጎሣ፣ አንዳንዱም በአውራጃ ወይም በርስት ስም ይጠራል። በአበርዲንሽር፣ በዲ ወንዝ ዳር የሚገኘው የባልሞራል ርስት የሚታወቅበት ግራጫ ታርታን ግን የመነጨው ከአገሬው ሸማኔ አሳብ ሳይሆን ከጀርመን ምድር ከመጡ አንድ ባዕድ ልዑል አሳብ ነው። እኒህም የንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት ልዑል አልበርት ናቸው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልዑል አልበርት ኦገስት 26 ቀን 1819 በኮቡርግ ከተማ አቅራቢያ በሮዘናው ቤተ መንግሥት ተወለዱ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1840 ከንግሥቲቱ ጋር ጋብቻ ሲፈጽሙ ዕድሜያቸው ገና ሃያ ዓመት ነበር። የእንግሊዝ ሹማምንት የተቀበሏቸው በጥርጣሬ ዓይን ነው። በዓመት 50,000 ፓውንድ እንዲሰጣቸው የቀረበውን የአበል ጥያቄ ፓርላማው ወደ 30,000 ዝቅ አደረገው። የንግሥት ባለቤትነታቸውን የሚያረጋግጠው ማዕረግም በሕግ የጸናላቸው በ1857 ነበር። የመንግሥት ሥልጣን የሌላቸው፣ በቤታቸውም ሁለተኛ የነበሩት ልዑል ጉልበታቸውንና ዕውቀታቸውን ያዋሉት በኪነ ጥበብ፣ በኢንዱስትሪና በሕንፃ ሥራ ላይ ሆነ።

በ1843 የኪነ ጥበባት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከ1845 ጀምሮም ከግንበኛው ከቶማስ ኪዩቢት ጋር እየተማከሩ በዋይት ደሴት ላይ የኦስቦርንን ቤተ መንግሥት አሠሩ። በ1851 በለንደን የተከፈተውን ታላቁን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ከመሩትም ዋነኛው እርሳቸው ነበሩ። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጊዜ የተጎበኘው ይህ ኤግዚቢሽን ወደ 186,000 ፓውንድ የሚደርስ ትርፍ አስገኘ። በገንዘቡም በደቡብ ኬንሲንግተን ሙዚየሞችና ትምህርት ቤቶች የተሠሩበት መሬት ተገዛ።

የባልሞራልን ርስት ንጉሣውያኑ በመጀመሪያ በ1848 ተከራይተው፣ በ1852 ገዙት። ነባሩ ቤት ስለጠበባቸው ሴፕቴምበር 28 ቀን 1853 የአዲሱ ቤተ መንግሥት የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ንድፉን ያወጣው የአበርዲኑ አርክቴክት ዊልያም ስሚዝ ሲሆን፣ ልዑሉ ብዙውን ነገር በገዛ እጃቸው አርመውታል። ለግንቡ የተመረጠው ከርስቱ ውስጥ ከግሌን ጌልደር የተፈለጠው ነጣ ያለ ግራጫ ግራናይት ነበር። ታርታኑም የወጣው በዚሁ በ1853 ነው።

ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም። የስቱዋርት ወገኖች በ1745 ያነሡት ዓመፅ ከተመታ በኋላ፣ በ1746 የወጣው ሕግ የደጋው ስኮትላንድ ወንዶች ታርታንን የመሰለውን የአገር ልብሳቸውን እንዳይለብሱ ከልክሎ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤዲንብራን ሲጎበኙ ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮት ባሰናዱት አቀባበል ታርታን ከፍ ያለ ክብር አገኘ። ይሁንና አንድ ጊዜ የከለከለው ንጉሣዊ ቤት ይህንኑ ልብስ የራሱ ሲያደርግ ባለቤቱን ሕዝብ የሚያሳዝን እንዳይሆን ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር። ንግሥቲቱ ከስቱዋርት ነገሥታት የሚወርድ የዘር ሐረግ ስለነበራቸው በአዲሱ ቤት ምንጣፎች ላይ የስቱዋርት ታርታን ዋለ። ልዑሉ ግን የማንም የስኮትላንድ ጎሣ ልጅ አልነበሩም። ስለዚህ ለአዲሱ ታርታን ቀለም የወሰዱት ከዘር ሳይሆን ከቦታው ነው።

በታርታን አሠራር የድሩ የቀለም ቅደም ተከተል በማጉም ላይ ይደገማል። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ድርና ማግ ሲገናኙ ቀለሙ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ የተለያዩ ቀለሞች ሲተላለፉ ግን ድብልቅ መልክ ይወጣል። በዚህ ሥርዓት ሁለት ቀለሞች ሦስት፣ ሦስቱ ስድስት፣ አራቱ ደግሞ ዐሥር ዓይነት መልክ ይሰጣሉ። ቀለም በተጨመረ ቁጥር የሚከተለው ድብልቅ ስለሚበዛ የንድፍ አውጪው ችሎታ የሚለካው ቀለምን በመቆጠብ ነው። ልዑሉም መደቡን ግራጫ አድርገው፣ በላዩ ጥቁርና ቀይ መስመሮችን አሳለፉበት። ግራጫውም ቢሆን በአንድ ቀለም የተነከረ ፈትል አይደለም፤ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ ተፈትለው የተገኘ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ከሩቅ ሲታይ ግራጫ ይመስላል፤ ሲቀርቡት ግን እንደ ተፈለጠ ግራናይት ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ቀይዋ መስመር ባትኖር ኖሮ ጨርቁ በደበዘዘ ነበር።

ታርታኑ በወጣበትና ግንቡ በተጀመረበት በዚያው ክረምት ግን፣ የክሪሚያ ጦርነት ሲቃረብ፣ ልዑሉ ለሩሲያ ያደላሉ የሚል ሐሜት በለንደን ተነዛ። በ1854 መጀመሪያ ላይ በአገር ክህደት ተይዘው በለንደን ግንብ ታሰሩ የሚል ወሬ እስከ መሰማት ደረሰ። ፓርላማው ሲሰበሰብ ሚኒስትሮች ወሬው መሠረት የሌለው መሆኑን አስረዱ። ግንቡ በ1856 ተፈጸመ።

ልዑል አልበርት ዲሴምበር 14 ቀን 1861 በዊንድሰር በ42 ዓመታቸው አረፉ። ሐኪሞቻቸው ሕመሙ ታይፎይድ ነው ብለው ነበር። ንግሥቲቱም በ1901 እስኪሞቱ ድረስ የሐዘን ልብሳቸውን አላወለቁም።

የባልሞራል ታርታን ዛሬም የሚለበሰው በንጉሣዊው ቤተሰብና በባግፓይፕ ነፊያቸው ብቻ፣ ያውም በዙፋኑ ፈቃድ ነው። እንደ ባዕድ የተጠረጠሩት ሰው ያወጡት ጥለት የቦታው መታወቂያ ሆኖ ቀርቷል። ይህም የሆነው ንድፍ አውጪው የሌላውን ጌጥ ከመዋስ ይልቅ ከሚሠራበት ምድር ድንጋይ ስለተማረ መሆኑን የሙያው ባልደረቦች ሁሉ ሊያስተውሉት ይገባል።