እቴጌ ጣይቱ ብጡልና ሆቴላቸው

ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ከክፍላችን ልጆች የሚበዙት የጦር ጀግና እንደ መረጡ ሰማሁ። እኔም የመረጥኋቸው ሰው ጦር ሜዳ የዋሉ ናቸው። ነገር ግን እርሳቸውን እንድመርጥ ያደረገኝ ጦርነቱ ሳይሆን ሆቴላቸው ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ከተማችን ባቱ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ መንገደኛ ወርዶ የደንበልን ዓሣ የሚበላባት ከተማ ናት። አክስቴ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ 14 ዓመት ሠርታለች። ዓሣውን ከአጥማጆቹ መርጣ የምትገዛው፣ የበርበሬውንና የዘይቱን ሒሳብ የምትይዘው፣ አዲስ የሚቀጠሩትንም ልጆች የምታስተምረው እርሷ ነበረች። ሥራ አስኪያጅ በተፈለገ ጊዜ ግን ሥራውን ከርሷ የተማረ አንድ ወጣት ተሾመ። አክስቴ ምንም አልተናገረችም፤ በማግሥቱም እንደ ወትሮዋ በጧት ሄደች። እኔ ግን በዚያው ሰሞን የሆቴል አስተዳደር መማር እፈልጋለሁ ብዬ ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ ዝም አሉ።

እንግዲህ የሀገራችንን የሆቴል ሥራ ማን እንደ ጀመረው ስመረምር ያገኘኋቸው እቴጌ ጣይቱን ነው።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት በበጌምድር ሲሆን አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም ይባላሉ። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠሯ እምብዛም ባልተለመደበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ተምረዋል፤ ግዕዝም ያውቁ ነበር፤ በገናም ይደረድሩ ነበር ይባላል። በ1875 ዓ.ም. የሸዋ ንጉሥ የነበሩትን ምኒልክን በአንኮበር አገቡ። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከፍል ውኃው አጠገብ፣ ቤት የሚሠሩበት ቦታ ከባለቤታቸው ለምነው ሰፈሩን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። በ1882 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ እርሳቸውም እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

የውጫሌ ውል የተባለው ነገር ለሁላችንም በታሪክ ትምህርት የታወቀ ስለ ሆነ አላረዝመውም። በ17ኛው አንቀጽ ትርጉም ክርክር በተነሣ ጊዜ እቴጌይቱ ከኢጣልያ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት ተከራክረው ለማግባባት የቀረበውን ሐሳብ እንዳልተቀበሉ ማስታወስ ይበቃል።

እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ብዙ ሰው የሚያልፈው ሌላ ነገር ነው። እቴጌ ጣይቱ የትልቅ ግብር አዘጋጅ ነበሩ። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በተመረቀ ጊዜ ያዘጋጁት ግብር ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ በዝርዝር ተመዝግቧል። የቤተ መንግሥት ግብር ማለት ዛሬ በድግስ ቀን እንደምናየው ያለ ሥራ አይደለም። ዱቄት ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ጠጅ ቤት እየተባለ ሥራው ለየብቻው ተከፍሎ፣ ለየቤቱም አዛዥና አለቃ ተመድቦለት የሚካሄድ ነበር። እህል ፈጪዋ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ወጥ ሠሪዋ ሁሉ ሴት ናት። ከዚህ ሁሉ በላይ ሆነው የሚያዙት እቴጌይቱ ነበሩ። እንግዲህ ይህን ያህል ሕዝብ በሰዓቱ ማብላት የሚችል ሰው ሥራ መምራት አይችልም የሚል ካለ፣ እኔ እስቲ ለአንድ ቀን ይሞክረው እለዋለሁ።

ይህ ዕውቀታቸው በጦር ሜዳ ጠቅሟል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ሰሜን በተዘመተ ጊዜ እቴጌይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ። ኢጣልያኖች መቀሌ ላይ፣ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ስፍራ፣ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው ነበር። ወደ ምሽጉ እየሮጡ መግባት ብዙ ሰው አስፈጀ እንጂ አልሆነም። በዚያን ጊዜ ጠላት ውኃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ መክረው የራሳቸውን ሰዎች የላኩ እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ምንጩ ተይዞ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ በምሽጉ ያለው ጦር በውኃ ጥም ተቸግሮ በጥር ወር ለቆ ወጣ። ሰው ያለ ውኃ ስንት ቀን እንደሚቆይ የምታውቀው እንስራ ተሸክማ የምትውል ሴት፣ ወይም የእነዚያ ሴቶች አዛዥ የሆነች ናት። የካቲት 23 ቀን በዐድዋም እቴጌይቱ በስፍራው ነበሩ፤ ሴቶቹን አሰልፈው ለሚዋጋውና ለቈሰለው ውኃ እንዲያቀርቡ አድርገዋል።

ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ነጋዴውም፣ መሐንዲሱም፣ ተጓዡም በዛ። በቀድሞው ልማድ የቤተ መንግሥት እንግዳ ድርጎ እየተሰፈረለት በድንኳን ወይም በተሰጠው ቤት ይቀመጥ ነበር። እንግዳው ሲበዛ ግን ይህ አይቻልም። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ማብቂያ ላይ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር ሆቴል አሠሩ፤ በሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ይኸው ነው። በዚያን ጊዜ ለጨዋ ሰው በገንዘብ ገዝቶ በአደባባይ መብላት እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። ምግብ መሸጥም እንዲሁ። እንደሚነገረው ሆቴሉ ሲከፈት ደፍሮ የሚገባ የሀገር ሰው በመጥፋቱ ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ዋጋውንም ከፈሉ። ምግብ እየሸጡ መተዳደር እንደ ውርደት የሚታይ ነገር መሆኑ የቀረው ከዚህ ዓይነት ጅምር በኋላ ይመስለኛል።

በሆቴሉም ብቻ አልተወሰኑም። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በውጭ ሰዎች እጅ ሲቋቋም ደስ ስላላላቸው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለእርሻና ለንግድ ገንዘብ የሚያበድር የሀገር ማኅበር እንዲቋቋም አድርገዋል።

ጉድለታቸውን ሳልናገር ባልፍ ታሪክ ጻፍሁ አልልም። እቴጌ ጣይቱ የሚያቀርቡትና ለሹመት የሚያበቁት ከሁሉ በፊት ዘመዶቻቸውን ነበር። የወንድማቸውን የራስ ወሌን ልጅ ራስ ጉግሣን ለዓፄ ምኒልክ ልጅ ለወይዘሮ ዘውዲቱ አጋቡ። ለሌሎቹም ዘመዶቻቸው በጋብቻና በሹመት ቦታ አበጁላቸው። ወንዶቹ መኳንንትም እንደዚሁ ያደርጉ ነበር፤ ሆኖም በእርሳቸው ላይ ሲሆን ይበልጥ ተቈጠረ። ዓፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው መናገር በተሳናቸው ጊዜ መንግሥቱን በእጃቸው ይዘው ሹመትና ሽረት ማድረግ ጀመሩ። መኳንንቱ ይህን አልታገሡም። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ተማክረው ከመንግሥት ሥራ አወጧቸውና ሕመምተኛ ባላቸውን ከማስታመም በቀር ምንም እንዳይሠሩ ወሰኑባቸው። አንዲት ቃል ሳይለወጥ ለዛሬ ሴት ሊነገር የሚችል ፍርድ ስለ ሆነ ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ።

ዓፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ተቀመጡ። ከዚያ ሆነው የእንጀራ ልጃቸው ወይዘሮ ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሲባሉ ሰሙ። መኳንንቱ ዘውዲቱን ያነገሡት ከባላቸው ከራስ ጉግሣ እንዲለዩ አድርገው ነው። እቴጌ ጣይቱ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አክስቴ ለሕክምና አዲስ አበባ ስትሄድ አብሬያት ሄድሁና ሆቴሉን እንድናይ ለመንኋት። በ2007 ዓ.ም. የእሳት አደጋ ደርሶበት ከፊሉ ተቃጥሎ እንደ ነበረ ሰምቼ ስለ ነበር ምን እናገኝ ይሆን እያልሁ ፈርቼ ነበር። የእንጨቱ ደረጃ ቆሞ አገኘነው። እኔ ጣሪያውንና መስኮቱን እያየሁ ሳለሁ አክስቴ ወንበሮቹን ትቈጥር ነበር። ምሳ በላን። ከዚያ በኋላ አስተናጋጇን ጠርታ በቀን ስንት ሰው እንደሚበላ፣ እንጀራው እዚያው ይጋገር ወይም ከውጭ ይገዛ እንደ ሆነ፣ የወጥ ቤቱም አለቃ ማን እንደ ሆነ ጠየቀቻት። የምሳውን ዋጋ በወረቀት ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በአውቶቡሱ ውስጥ እስከ ሞጆ ድረስ ስለ ዘይት ዋጋ ስታሰላልኝ ቆየች፤ ከሞጆ በኋላ ግን ለአዳዲስ ሠራተኞች ምን ምን እንደምታስተምር፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል እንደምታስተምር አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እኔም በደብተሬ ጻፍሁት።

አባቴ ይህን መጽሔት በየዓመቱ ይገዛሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽም ያነቡታል።