ካባውን ለብሶ የተቀበረው ተዋናይ

እ.ኤ.አ በኦገስት ወር 1956 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በካልቨር ሲቲ በሚገኘው የቅዱስ መስቀል መካነ መቃብር የአንድ አረጋዊ ተዋናይ ሥርዓተ ቀብር ተፈጸመ። ሟቹ በሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የተኛው እንደሌላው ሰው የክት ልብሱን ለብሶ አልነበረም። ልጁና የልጁ እናት ተመካክረው ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ዝናን ያተረፈበትን የድራኩላን ጥቁር ካባ አልብሰውታል። ሟቹ ራሱ ይህን እንደተናዘዘ የሚነገር ወሬ ቢኖርም ቤተሰቡ ግን ውሳኔው የእነርሱ እንደነበር ገልጿል። የዚህ ሰው ስም ቤላ ሉጎሲ ነው።

የቆዩ አስፈሪ ፊልሞችንና የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞችን የሚወድ ሁሉ ይህን ስም ያውቃል። ስሙን የማያውቀውም ቢሆን ፊቱን ሳያይ አይቀርም። ፊቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሞቱ በኋላ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደ ጉዳይ በመሆኑ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤላ ሉጎሲ የተወለደው ኦክቶበር 20 ቀን 1882 ያኔ በሃንጋሪ ግዛት ሥር በነበረችውና ዛሬ በምዕራብ ሮማኒያ በምትገኘው የሉጎስ ከተማ ነው። የቤተሰቡ ስም ብላስኮ ሲሆን ሉጎሲ የሚለውን የመድረክ ስም ያወጣው ከትውልድ ከተማው ነው። ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ከቤት የወጣው ሉጎሲ በጉልበት ሥራ ሲተዳደር ከቆየ በኋላ በየክፍለ ሀገሩ ከሚዘዋወሩ የቴአትር ቡድኖች ጋር ተቀላቀለ። በ1911 ወደ ቡዳፔስት ገባ፤ በ1913 ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ ቴአትር ባልደረባ ለመሆን በቃ። በዚያ የተሰጡት ሚናዎች በአብዛኛው አነስተኛ ነበሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ ግንባር ዘምቶ በእግረኛ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ ተዋግቷል፤ ቆስሏልም።

ከጦርነቱ ማግስት የተዋንያንን የሠራተኛ ማኅበር ከሚያደራጁት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1919 በቤላ ኩን የሚመራው አብዮታዊ መንግሥት ከጥቂት ወራት ዕድሜ በኋላ ሲወድቅ ከመንግሥቱ ጋር ስማቸው የተነሣ ሁሉ መሳደድ ጀመሩ። ሉጎሲም አገሩን ጥሎ ወደ ቪየና፣ ከዚያም ወደ በርሊን ሸሸ። በዲሴምበር 1920 በንግድ መርከብ ላይ እየሠራ ኒው ኦርሊንስ ሲደርስ የሚቀጥለውን ሥራ የት እንደሚያገኝ የማያውቅ፣ እንግሊዝኛም የማይናገር የ38 ዓመት ስደተኛ ነበር። የማኅበር ፍቅሩ ግን ከአገሩ ጋር አልቀረም። የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበር በ1933 ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አባላት መካከል እናገኘዋለን።

በኒው ዮርክ ከስደተኛ ወገኖቹ ጋር በሃንጋሪኛ ቴአትር ሲያሳይ ቆየ። በ1922 «ዘ ሬድ ፖፒ» በተሰኘ የእንግሊዝኛ ተውኔት ላይ ሚና ሲያገኝ ቋንቋውን ባለመቻሉ ቃላቱን በድምፃቸው ብቻ ሸምድዶ መድረክ ላይ ወጣ። ድራኩላንም እንዲሁ ትርጉሙን ሳያውቅ በሽምደዳ እንደተጫወተ እስከ ዛሬ የሚጽፉ አሉ። ይሁን እንጂ ፊልሙ ሲሠራ ሉጎሲ አሜሪካ ከገባ አሥር ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ የነበረ በመሆኑ አባባሉ ለማመን የሚያስቸግር ነው።

የአየርላንዱ ተወላጅ ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» ከሉጎሲ የትውልድ ከተማ ብዙም በማይርቀው በትራንሲልቫኒያ የሚኖርን፣ ቀን በሬሳ ሣጥን ተኝቶ ሌሊት የሰው ደም የሚመጥን ባላባት ታሪክ የሚተርክ ነው። ይህ ልብ ወለድ ወደ ተውኔት ተለውጦ በኦክቶበር 1927 በኒው ዮርኩ ፉልተን ቴአትር ሲከፈት የባላባቱ ሚና ለ44 ዓመቱ ሉጎሲ ተሰጠ። በ1922 በጀርመን የተሠራው «ኖስፌራቱ» ፊልም ደም መጣጩን አይጥ የመሰለ አስቀያሚ ፍጡር አድርጎ ነበር ያሳየው። ሉጎሲ በአንጻሩ የራት ልብስና ካባ የለበሰ፣ እጅ ነስቶ እንግዳ የሚቀበል፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስረገጠ የሚናገር ጨዋ ሰው አድርጎ ተጫወተው። የሚያስፈራውም ይኸው ጨዋነቱ ነበር። ድክመት ይባል የነበረው የአነጋገር ዘዬውም በዚህ ሚና ሀብት ሆነለት።

ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ተውኔቱን ወደ ፊልም ሊለውጥ ሲነሣ ለሚናው በቅድሚያ ያሰበው ሉጎሲን አልነበረም። ይታሰብ የነበረው ዝነኛው ሎን ቼኒ በኦገስት 1930 በሞት ተለየ፤ ከዚያም በኋላ የሌሎች ተዋንያን ስም ሲነሣ ቆየ። ሉጎሲ ሚናውን አጥብቆ በመፈለጉ በሳምንት 500 ዶላር ለሰባት ሳምንት ለመሥራት ተስማማ። በጠቅላላው 3ሺህ 500 ዶላር መሆኑ ነው። ቶድ ብራውኒንግ ያዘጋጀው ፊልም በፌብሩዋሪ 1931 ለእይታ ሲበቃ ስቱዲዮውን በኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ትርፋማ ያደረገ ሥራ ሆነ። በፊልሙ ውስጥ አንድም ጊዜ የሾለ ጥርስ አይታይም፤ ደም መጣጩ በዓይኑና በእጁ እንቅስቃሴ ብቻ ነው የሚያስፈራው። በዚያው ዓመት ሉጎሲ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ።

በዚያው ዓመት ደግሞ የሕይወቱን አቅጣጫ የቀየረ አጋጣሚ ተፈጠረ። ስቱዲዮው ቀጥሎ ለሚሠራው «ፍራንከንስታይን» ፊልም የፍጡሩን ሚና ለሉጎሲ አስቦ ነበር። ሉጎሲ ፊቱን በሜካፕ ተሸፍኖ አንዲት ቃል የማይናገር ገጸ ባሕርይ አልጫወትም ማለቱ በሰፊው ይነገራል። የፊልሙ አዘጋጅ መለወጥም የራሱ ድርሻ ነበረው። ያም ሆነ ይህ ሚናው ቦሪስ ካርሎፍ ለተባለ ብዙም የማይታወቅ እንግሊዛዊ ተሰጠ፤ ካርሎፍም በአንድ ፊልም የዓለም ዝነኛ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በ«ዘ ብላክ ካት» እና በ«ዘ ሬቨን» አብረው ሲሠሩ የካርሎፍ ስም ከላይ፣ የሉጎሲ ከታች ይጻፍ ነበር።

ሉጎሲ ከካባው ለመላቀቅ ያልሞከረ ሰው አልነበረም። በ1932 ኤች ጂ ዌልስ በጻፈው የሳይንስ ልብ ወለድ ላይ በተመሠረተው «አይላንድ ኦፍ ሎስት ሶውልስ» ከእንስሳነት ወደ ሰውነት በቀዶ ጥገና የተለወጡ ፍጡራን ሕግ ነጋሪ ሆኖ ተጫውቷል። ፊቱ በጸጉር ተሸፍኖ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው። ስቱዲዮዎቹ ግን ዘዬው ከባድ የሆነን ሰው ከክፉ ገጸ ባሕርይ ውጭ ሊያዩት ፈቃደኞች አልነበሩም።

በ1936 ዩኒቨርሳል ባለቤት ሲለውጥና እንግሊዝ በአስፈሪ ፊልሞች ላይ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ ሆሊውድ እነዚህን ፊልሞች መሥራት አቆመ። ሉጎሲ ሥራ አጣ፤ ቤቱንም አጣ። በ1938 መጀመሪያ ወንድ ልጁ ሲወለድ የፊልም ባለሙያዎች መረዳጃ ድርጅት እርዳታ ለመጠየቅ ተገዶ ነበር። በዚያው ዓመት አንድ የሎስ አንጀለስ ሲኒማ ቤት «ድራኩላን»ና «ፍራንከንስታይንን» በአንድ ቲኬት ሲያሳይ በተፈጠረው ረጅም ሰልፍ ምክንያት ስቱዲዮው ወደ አስፈሪ ፊልም ተመለሰ። በ1939 ለእይታ የበቃው «ሰን ኦፍ ፍራንከንስታይን» ሲሠራ ስቱዲዮው የሉጎሲን ክፍያ ቀንሶ ቀረጻውን በአንድ ሳምንት ሊጨርስ አስቦ ነበር። አዘጋጁ ሮውላንድ ሊ በዚህ ባለመስማማት ሚናውን እያሰፋ በቀረጻው ጊዜ ሁሉ አቆየው። አንገቱ ተሰብሮ ከስቅላት የተረፈው ኢጎር የተገኘው በዚህ ሁኔታ ነው።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ይታይ ነበር። ሁለተኛው በጥቂት ቀናትና በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠራ ሲሆን ቢ ፊልም ይባላል። ሉጎሲ የ1940ዎቹን ዓመታት ያሳለፈው በአብዛኛው በእነዚህ ፊልሞች የእብድ ሳይንቲስት ካፖርት ለብሶ ነው። በ1940 በወጣው «ዘ ዴቪል ባት» የሌሊት ወፎችን በኤሌክትሪክ ኃይል አሳድጎ የአንድ የጺም መላጫ ሽቶ ጠረን እየተከተሉ ሰው እንዲገድሉ የሚያሠለጥን ኬሚስት ሆኗል። ታሪኩ ያስቃል፤ ሉጎሲ ግን በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የቆመ ያህል ከልቡ ይጫወተዋል። የእነዚህ ፊልሞች ወዳጆች እስከ ዛሬ የሚያዩዋቸውም በዚሁ ምክንያት ይመስላል።

በ1943 ደግሞ ከ12 ዓመት በፊት ያልሆነውን የፍራንከንስታይን ፍጡር በ60 ዓመቱ ተጫወተ። በድርሰቱ መሠረት ፍጡሩ ዓይነ ስውር ነው፤ ይናገራልም። ይሁንና ስቱዲዮው ንግግሩን በሙሉ ቆርጦ አወጣው፤ ከንግግሩ ጋር የዓይነ ስውርነቱ ማብራሪያም አብሮ ወጣ። እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እየዳበሰ መሄዱ ምክንያት የሌለው መስሎ ታየ። የዛሬ ልጆች የፍራንከንስታይንን ፍጡር ሲያስመስሉ እጃቸውን የሚዘረጉት ግን ያንን አካሄድ ይዘው ነው። በፊልም ድራኩላን ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው በ1948 «አቦት ኤንድ ኮስቴሎ ሚት ፍራንከንስታይን» በተሰኘው አስቂኝ ፊልም ላይ ነው።

ከወገቡ ወደ እግሩ የሚወርድ የነርቭ ሕመም ለረጅም ዓመታት ያሠቃየው ነበር። ለሕመሙ ማስታገሻ በሐኪም የታዘዘለት ሞርፊን ሱስ ሆነበት። ዝናው ቀንሶ በነበረበት በዚህ ወቅት ኤድ ዉድ የተባለ ወጣት የፊልም አዘጋጅ ፈልጎ አገኘው። ዉድ ገንዘብም ሆነ ይህ ነው የሚባል ችሎታ አልነበረውም፤ ለሉጎሲ ግን አክብሮት ነበረው። በ1955 ለእይታ በበቃው «ብራይድ ኦፍ ዘ ሞንስተር» ሉጎሲ ከአገሩ ተባሮ በጫካ ቤት ውስጥ በአቶም ጨረር ኃያላን ሰዎችን ለመፍጠር የሚሞክር ሳይንቲስት ነው። በፊልሙ ያለው የላስቲክ ባሕር አውሬ በራሱ ስለማይንቀሳቀስ የሚታገለው ሰው ክንዶቹን ራሱ እያንቀሳቀሰ መጮኽ ነበረበት። በዚያው ፊልም ሉጎሲ ስለ ስደቱ የሚናገርበት ቦታ አለ፤ ንግግሩ የገጸ ባሕርይው ይሁን የተዋናዩ ለመለየት ያስቸግራል።

በኤፕሪል 1955 የ72 ዓመቱ ሉጎሲ በራሱ ፈቃድ ለባለሥልጣናት ቀርቦ ከሱሱ እንዲታከም ጠየቀ። በዚያን ጊዜ አንድ የሆሊውድ ተዋናይ ሱሰኛነቱን በአደባባይ መግለጹ ያልተለመደ በመሆኑ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ፤ ከሲታ ሰውነቱን የሚያሳዩ ፎቶግራፎችም ታተሙ። ኖርዎክ በሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል ለሦስት ወራት ያህል ታክሞ በኦገስት ወጣ። በዚያው ወር በሕክምና ላይ ሳለ ደብዳቤ ትጽፍለት ከነበረች አድናቂው ጋር ለአምስተኛ ጊዜ ትዳር መሠረተ።

ኦገስት 16 ቀን 1956 በሎስ አንጀለስ መኖሪያ ቤቱ በልብ ድካም በ73 ዓመቱ አረፈ።

ዉድ ከዚያ ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ የቀረጸው ድምፅ የሌለው የጥቂት ደቂቃ ፊልም በእጁ ነበር። ይህን ይዞ ከሕዋ የመጡ ፍጡራን ሙታንን ስለሚያስነሡበት ታሪክ «ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። የጎደለውን ለመሙላት የባለቤቱን ጀርባ የሚያክም ሰው ካባ አልብሶ ፊቱን በካባው እንዲሸፍን አደረገ። ሰውየው ቁመቱም መልኩም ከሉጎሲ ጋር አይገናኝም። በ1980 የታተመ አንድ መጽሐፍ ፊልሙን በታሪክ ከተሠሩት ሁሉ እጅግ መጥፎው ብሎ ከሰየመው ወዲህ ግን ተመልካቹ በዛ። በ1994 ቲም በርተን በዉድ ሕይወት ላይ በሠራው ፊልም ሉጎሲን ሆኖ የተጫወተው ማርቲን ላንዳው የኦስካር ሽልማት አግኝቷል፤ ሉጎሲ ራሱ ይህን ሽልማት አላገኘም።

ዩኒቨርሳል የሉጎሲን ድራኩላ መልክ በአሻንጉሊት፣ በካናቴራና በጭምብል ላይ እንዲጠቀሙበት ለተለያዩ ኩባንያዎች ፈቃድ ይሸጥ ነበር። በኋላ ጠበቃ የሆነው ልጁና የመጨረሻ ባለቤቱ በ1966 ክስ መሠረቱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ ቢፈርድም በ1979 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰው በሕይወቱ ሳለ በመልኩና በስሙ ካልነገደበት መብቱ ለወራሽ አይተላለፍም ሲል ወሰነ። ክርክሩ በዚህ አላበቃም። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ1984 ባወጣው ሕግ የታዋቂ ሰዎች ወራሾች ከሞት በኋላ ለ50 ዓመት የሟቹን ስምና መልክ እንዲቆጣጠሩ ፈቀደ፤ በ1999 ጊዜው ወደ 70 ዓመት ከፍ ብሏል። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የሞቱትንም የሚመለከት በመሆኑ የ3ሺህ 500 ዶላሩ ተዋናይ ወራሾችም የሚጠቀሙበት ሆኗል።