ኒኮላይ ቫቪሎቭ፤ ዘር ሰብሳቢው ሊቅ

ዝነኛው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1880 ዓ.ም. በሞስኮ ተወለደ። የሕይወቱ ዓላማ ለሰው ልጅ የሚበቃ እህል ማስገኘት ነበር።

በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ፣ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃድ ተቀብሎ፣ በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴና የገብስ ዘር ሰበሰበ። በአንድ ማሳ ብዙ ዓይነት ስንዴ ተቀላቅሎ ቢያይ እጅግ ተደነቀ። ገበሬዎቻችን ዘር እየተለዋወጡ ያቆዩት ይህ ልዩነት ትልቅ ሀብት ነው፤ አንዱን ዝርያ ዋግ ቢመታው ሌላው ይተርፋልና።

ቫቪሎቭ በ1932 ዓ.ም. በሐሰት ተከሶ ታሰረ፤ በ1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት ተርቦ ሞተ። በጦርነት በተከበበችው ሌኒንግራድ የነበሩት ባልደረቦቹም እየተራቡ፣ የሰበሰበውን ዘር ሳይበሉ ጠበቁ።

እኛም የዘነበወርቅ ተማሪዎች በገበያ ነጭና ጥቁር ገብስ ስናይ ይህን ሰው እናስታውስ።