አጎስቲኖ ባሲ

አጎስቲኖ ባሲ (እ.ኤ.አ. 1773–1856) በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር በእንስሳት ላይ በሽታ እንደሚያመጣ በሙከራ ያሳየ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ነበር። ዛሬ በሰብል ተባዮች ላይ የሚረጨው ቦቬሪያ ባሲያና የተባለው ፈንገስ በስሙ ተሰይሟል።

ሕይወቱ

ባሲ የተወለደው በሰሜን ጣሊያን፣ በሎዲ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ማይራጎ ነው። በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ቢያጠናም የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቶችንም ይከታተል ነበር። ዓይኑ ሲደክም የመንግሥት ሥራውን ትቶ ወደ እርሻ ተመለሰ። ስለ በግ እርባታ፣ ስለ ድንችና ስለ አይብ አሠራር ጽፏል።

በ1807 የሐር ትሎችን የሚፈጀውን በሽታ መመርመር ጀመረ። በዚህ በሽታ የሞተ ትል ይደርቅና ኖራ የተነሰነሰበት ይመስላል። ባሲ መንስኤውን ለዓመታት በምግባቸውና በአካባቢያቸው ፈለገ፤ አላገኘውም። በመጨረሻ ነጩ ዱቄት ራሱ ከሞተው ትል ወደ ጤነኛው የሚተላለፍ ፈንገስ መሆኑን ደረሰበት። በ1834 ሙከራውን በፓቪያ ምሁራን ፊት አሳየ፤ በ1835 ደግሞ ግኝቱን ማሳተም ጀመረ። አርቢዎች የታመሙትን እንዲለዩ፣ የሞቱትን እንዲያቃጥሉ፣ ዕቃውንና ቤቱን እንዲያጸዱ መከረ። ይህ ሁሉ ከፓስተርና ከኮህ ሥራዎች በፊት ነበር። ባሲ በ1856 በሎዲ አረፈ።

ፈንገሱ ከባሲ በኋላ

ባሲ ፈንገሱን ያጠናው ጠቃሚ ነፍሳትን ለማዳን ነበር፤ በኋላ ግን ያው ፈንገስ የጎጂ ነፍሳት መግደያ ሆነ። መጤው ተምች በ2017 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎ ሲያጠቃ፣ እንቁላሏን በአባጨጓሬው ሰውነት ውስጥ የምትጥል ኮቴዢያ የተባለች ጥገኛ ተርብም በማሳው ላይ ተገኝታለች። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ እንደሚገኝበት እንደ ዘንዘልማ ባሉ የጣና ዳር አካባቢዎች ለሚያርስ ገበሬ፣ ይህች ተርብ ያለ ክፍያ የምትሠራ አጋዥ ናት።

ቦቬሪያ ቆዳን ሰርስሮ ስለሚገባ ተርቧንም ሊይዛት ይችላል። አባጨጓሬው ቀድሞ ከሞተ በውስጡ ያለው የተርብ እጭ አብሮት ይሞታል፤ እጩ አድጎ ከወጣ ግን ይተርፋል። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለው ባክቴሪያ በአንጻሩ የሚገድለው ተባዩ ሲበላው ነው። ስለዚህ ተርቧን በቀጥታ እምብዛም አይጎዳም፤ ሆኖም እንቁላሏን የምትጥልበትን አባጨጓሬ ያሳጣታል። በሁለቱም በኩል የሚረጨው ዓይነትና የሚረጭበት ጊዜ ተርቧ ለቀጣዩ ትውልድ መትረፍ አለመትረፏን ይወስናል።