ዓፄ ምኒልክና የሰርኪስ ባቡር
መኪናን ያመጣው ገንዘብ ነው፤ የሚያኖረው ግን የተባበረ ጠባቂ ነው

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች እህል የሚፈጨው ባቡር ቤት ተወስዶ ነው። ገበሬው የወፍጮውን ሞተር ባቡር እያለ ይጠራዋል። ቃሉ እንፋሎት ማለት ከሆነ የፈረንጅ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ ወፍጮው የሚዞረው በናፍጣ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል ቢሆንም፣ ስሙ የእንፋሎት መኪና የአገራችንን ምድር ከረገጠበት ዘመን የተረፈ ቅርስ ነው። ያም ዘመን የዓፄ ምኒልክ ዘመን ነበር።

የዓፄ ምኒልክ ሕይወት ከጦርነቱም ከፖለቲካውም አንጻር ብዙ ተጽፎበታል። ለገበሬ ማኅበር መሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አዲስ መኪና ወደ አገር ሲገባ በማን ጉልበት ገባ? ማንስ ተጠቀመበት? ሲሰበርስ ማን ሊጠግነው ይችል ነበር? የወፍጮ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ወይም የትራክተር ባለቤት የሆነ ማኅበር ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች መመለስ አለበት።

ከአንጎለላ እስከ እንጦጦ

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ፣ ልጁ ምኒልክ በዓፄ ቴዎድሮስ እጅ ገብተው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ወደ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚያ ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

በመቅደላ በነበሩበት ጊዜ ዓፄ ቴዎድሮስ መድፍ ለማሠራትና መንገድ ለማውጣት ያደርጉት የነበረውን ጥረት ለማየት ችለዋል። ኋላም በራሳቸው ዘመን ከእጅ ጥበብና ከመኪና ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ ይስባቸው እንደነበር ይታወቃል። በ1871 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ሸዋ መጥቶ አገልግሎታቸው ውስጥ ገባ። በድልድይ፣ በውኃ ቧንቧና በኋላም በምድር ባቡር ሥራ ለረጅም ዓመታት አማካሪያቸው ሆኖ ቆየ።

መናገሻቸው መጀመሪያ አንኮበር ነበረ። ቀጥሎ ሱሉልታን በሰሜን፣ የዛሬዋን አዲስ አበባ በደቡብ ወደሚያሳየው እንጦጦ ተራራ ተዛወረ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከተራራው ሥር ፍል ውኃው ካለበት ሜዳ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ለዚህ ሁሉ ዋጋ የከፈለው ገበሬው መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በአዲሲቱ ከተማ ዙሪያ ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ገበሬ ብዙው መሬቱ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ተሰጥቶበት ጭሰኛ ሆነ። ጦሩ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ በዘመተባቸው አገሮችም የገባር ሥርዓት ተዘረጋ። ገባሩ ከእህሉ ከመገበሩ ሌላ ጉልበቱንም ይገብር ነበር። አጥር ማጠር፣ እንጨት መልቀም፣ ሸክም መሸከምና መንገድ መጥረግ ሁሉ የእርሱ ግዴታ ነበር።

ክፉው ቀን

ዘውዱ ሲጫን አገሪቱ በከባድ መከራ ላይ ነበረች። በ1880 ዓ.ም. በምፅዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ፈጀ። በሬ ሲያልቅ ሞፈር ተሰቀለ፤ መሬቱም ጦም አደረ። ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ጊዜ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እየተባለ ይታወሳል።

በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቆፈሩ፣ መኳንንቱና ወታደሩም እንዲቆፍሩ እንዳዘዙ በታሪክ ተመዝግቧል። በእጅ ሥራ መዋል ለጌታ ሰው እንደ ውርደት ይቆጠር በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ለመንገድና ለሕንፃ ሥራም ድንጋይ ሲሸከሙ መታየታቸው ይነገራል። ንጉሡ ሲሸከም ባዶ እጁን የሚቆም መኳንንት አይኖርም። መሪ ራሱ ሲነሣ ሌላው እንደሚከተል በሚገባ ያውቁ ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተገኘው ድልም የዚሁ የተባበረ ኃይል ውጤት ነው። ከየአውራጃው የዘመተው ሠራዊት፣ ስንቅ ያዘጋጀችው ሴትና ጭነት የነዳው ገበሬ ባይኖሩ የጦር መሪ ብቻውን ድል አያደርግም ነበር።

ሐዲድ የማይሻው ባቡር

ከዓድዋ ድል በኋላ ዓፄ ምኒልክ ፊታቸውን ይበልጥ ወደ መንገድና ወደ መኪና መለሱ። የምድር ባቡር ለመዘርጋት በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ የተሰጠ ሲሆን፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ ግን በገንዘብና በፖለቲካ ውዝግብ ምክንያት ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።

በዚህ መካከል በ1896 ዓ.ም. ገደማ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ አንድ የእንፋሎት መኪና ከአውሮፓ አስመጣ። ሰርኪስ ለምኒልክ የጦር መሣሪያ በማቅረብ የታወቀ ሰው ነበር። ያመጣው መኪና ሐዲድ አይፈልግም። በሰፋፊ የብረት መንኰራኩሮቹ በመሬት ላይ ይሄዳል፤ መንገድ ይዳምጣል፤ ከባድ ዕቃም ይጎትታል። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር አለው። ስሙም በሕዝብ አፍ ለረጅም ጊዜ ኖረ።

የእንፋሎት መኪና አሠራር እንዲህ ነው። በምድጃው ውስጥ እንጨት ወይም የድንጋይ ከሰል ይነድዳል። እሳቱ በቦይለሩ ውስጥ ያለውን ውኃ ያፈላዋል። ታምቆ የተያዘው እንፋሎት ፒስተኑን ወዲያና ወዲህ ይገፋል። ፒስተኑም ትልቁን መዘውር፣ መዘውሩም መንኰራኩሩን ያዞራል። ክብደቱ ግን ቀላል አይደለም። የዚህ ዓይነት መኪና ብዙውን ጊዜ እስከ 10 ቶን ወይም 100 ኩንታል ይመዝናል።

የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ስለሚያበቃ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጉዞ በየብስ ነበር። ገደል፣ አሸዋና ዳገት ያለበት፣ ለበቅሎ እንጂ ለመኪና ያልተሠራ መንገድ ነው። መኪናው በገዛ ኃይሉ መሄድ በማይችልበት ሥፍራ ብዙ ሰው በገመድ እየጎተተና ከኋላ እየገፋ አሳለፈው። ታሪክ የነጋዴውንና የንጉሡን ስም መዝግቧል። ገመዱን ትከሻው ላይ ያደረገው ገባር ግን ስሙ አልተጻፈም።

የአዲስ ዓለም መንገድ

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ችግር ደረሰባት። በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ አለቀ። ስለዚህ ዓፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደን ባለበት አካባቢ አዲስ ዓለም ብለው በሰየሙት ሥፍራ ሌላ ከተማ መቆርቆር ጀመሩ። ቤተ መንግሥትም ማሠራት ተጀመረ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በአገሪቱ ቀድመው ከተሠሩት የሠረገላ መንገዶች አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በቡራዩና በገፈርሳ፣ በመናገሻ ሥርና በሆለታ ያልፋል። ዛሬ ከቡራዩ ወደ አምቦ የሚጓዝ መንገደኛ የሚከተለው ያንኑ አቅጣጫ ነው።

ከተማዋን ከመዛወር ያዳናት ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ እያደገ የማገዶውን ችግር አቃለለ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መንገዱ ግን አልጠፋም። ንጉሡ ለራሳቸው ከተማ ያሠሩት መንገድ በኋላ የምዕራቡ ገበሬ ጤፉንና ቅቤውን ወደ ገበያ የሚያወጣበት ሆነ። ከተማ ይፈርሳል፤ የሚያገለግል መንገድ ግን ባለቤት አያጣም።

የእጅ ሥራን መናቅ

መኪና ከገባ በኋላ የሚፈልገው ብዙ ነው። ለእንፋሎት መኪና ማገዶና ንጹሕ ውኃ በየቀኑ መቅረብ አለበት። ውኃው ድፍርስ ወይም ኖራ ያለበት ከሆነ ቦይለሩ ውስጥ ዝቃጭ ይጋገራል፤ ካልተጠረገም ብረቱ ይቃጠላል፤ ሊፈነዳም ይችላል። መገጣጠሚያዎቹ ቅባት ይሻሉ። የተሰበረውን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ከሌለ መኪናው በቆመበት ይዝጋል።

ብረት ቀጥቃጭ በአገሪቱ ሞልቶ ነበር። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሚሠራው እርሱ ነው። ነገር ግን ጠይብ እየተባለ ይሰደብ፣ ቡዳ ነው እየተባለም ይፈራ ነበር። ከእርሱ ጋር ማዕድ መቁረስ፣ መጋባትም ነውር ነበር። ሸማኔውና ቆዳ ፋቂውም ዕጣቸው ተመሳሳይ ነበር። ለጥበበኛ እንዲህ ያለ ፍርድ የሚሰጥ ኅብረተሰብ መኪና ቢገዛም የሚጠግንለት ሰው አያገኝም።

ዓፄ ምኒልክ ይህን ችግር ተረድተውት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ጥበብ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። ሰዎች ሁሉ ከአንድ አባት የተወለዱ መሆናቸውን አስታውሰው፣ ተሳዳቢው እንደሚቀጣ አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢልም አዲስ አበባ ገባች። በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይሁን እንጂ አዋጅ በአንድ ቀን ይነበባል፤ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይለወጥም። ንቀቱ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ተያዙ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከአልጋ ሳይነሡ ቆይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። የገባር ሥርዓት ከእርሳቸው በኋላም ዘለቀ። ጭሰኝነት በሕግ የተሻረውና የገበሬ ማኅበራት የተቋቋሙት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

በፈቃድ የተነሣ ጉልበት

የእንፋሎት መኪና ዘመን በሌላውም ዓለም አልፏል። በእንግሊዝ አገር የናፍጣ ትራክተር ሲመጣ አሮጌዎቹ ባቡሮች ለብረት ዋጋ ይሸጡ ጀመር። በ1942 ዓ.ም. አርተር ናፐር የተባለ ገበሬ ከሌላ ሰው ጋር በቢራ ተወራርዶ በአፕልፎርድ መንደር ሁለት አሮጌ ባቡሮች ተሽቀዳደሙ። ነገሩ ከቀልድ ይጀምር እንጂ ሕዝብን ቀሰቀሰ። ገበሬዎች፣ መካኒኮችና ወጣቶች በትርፍ ጊዜያቸው እየተሰበሰቡ፣ ከየጓሮው የወደቁትን ባቡሮች ያለ ደመወዝ ማደስ ያዙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው መኪናዎች በዚያ አገር ዛሬም እሳት ተለኩሶባቸው ይንቀሳቀሳሉ።

እዚህ ላይ ልዩነቱን መመልከት ይገባል። የሰርኪስን ባቡር የጎተተው ገባር የታዘዘ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ ሲደርስ ገመዱን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ምክንያቱም ባቡሩ የእርሱ አልነበረም። በፈቃዱ የተነሣ ሰው ግን የተሰበረውን ጥርስ ለመተካት ወራት ቢፈጅበትም አይሄድም፤ መኪናው የእርሱ ነውና። ደቦን የሚያውቅ የአማራም ሆነ የኦሮሞ ገበሬ ይህን ልዩነት ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በግዴታ የታረሰ የጌታ ሁዳድና በደቦ የታረሰ የጎረቤት ማሳ አንድ አይደሉም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከጅቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጫፉ ሰበታ ነበር። ዓፄ ምኒልክ በሕይወታቸው አዲስ አበባ ሲገባ ለማየት ያልታደሉት ባቡር ዛሬ በዙሪያዋ ካለ የገበሬ አገር ደርሷል ማለት ነው።

በቀበሌው ውስጥ ያለው መኪና ግን ከዚህ ያነሰ ነው። አንድ ወፍጮ፣ አንድ የመስኖ ሞተር፣ ምናልባትም አንድ ትራክተር ነው። የማኅበር መሪዎች እነዚህን ለማኖር ሦስት ነገር ያስፈልጋቸዋል። በመጀመሪያ ዘይትና ውኃ በየቀኑ የሚመለከት፣ በስም የታወቀ አንድ ኃላፊ ይመደብ። ሁለተኛ ከገቢው ላይ ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ይቀመጥ፤ ለሌላ ጉዳይም አይነካ። ሦስተኛ የቀጥቃጩና የመካኒኩ ልጅ በማኅበሩ ስብሰባ ከፊት ይቀመጥ፤ ሙያውንም ለሁለት ወጣቶች ያስተምር። ሞተሩ በመኸር መካከል ሲቆም አባላቱ የሚሄዱት ወደ እርሱ ቤት ነው።