ይድነቃቸው ተሰማ እና የዓለም ዋንጫው ግማሽ ቦታ

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 13 ቀን 2013 አዲስ አበባ ስታዲየም የሆነውን የረሳ የኳስ አፍቃሪ ያለ አይመስልም። በኃይሉ አሰፋ ጎል ሲያገባ ስታዲየሙ ተናወጠ። ብዙም ሳይቆይ ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻም በፍፁም ቅጣት ምት ደገመና ናይጄሪያ 2ለ1 አሸንፋ ሄደች። ኖቬምበር 16 ካላባር ላይ ደግሞ 2ለ0፣ በድምር 4ለ1 ሆነና የዋልያዎቹ የብራዚል ህልም እዚያው አበቃ። ያቺ ደርሶ መልስ ግን አንድ ነገር ነበራት። ያሸነፈው ቡድን ከሌላ አህጉር ጋር ዳግም ሳይጫወት በቀጥታ ዓለም ዋንጫ ይገባ ነበር። ይሄ ነገር በነፃ የተገኘ አይደለም። ከታገሉለት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ ልክ በአዲስ ዓመት ዕለት። አባታቸው ድምፃቸውን ጀርመን አገር ሄደው በሸክላ ያስቀረፁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅየው ግን ከዜማው ይልቅ ኳሱን መረጡ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል፣ የብሔራዊ ቡድኑንም ማሊያ ለብሰዋል። በዚያው ላይ ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙትና በፀሐፊነት ከመሩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1957 ካርቱም ላይ ካፍ ሲመሰረትም እዚያው ነበሩ።

የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በዚያን ጊዜ ለአፍሪካ ጉድ ነበር። ለ1962ቱ የቺሊ ዋንጫ ኢትዮጵያ የተደለደለችው ከአውሮፓ ምድብ ነው፣ ከእስራኤል ጋር! በማርች 1961 ደርሶ መልስ ተባለና ሁለቱም ጨዋታዎች እዚያው እስራኤል ውስጥ ተደረጉ። መጀመሪያ 1ለ0፣ ከአምስት ቀን በኋላ 3ለ2 ተሸነፍን። መልስ የሌለው ደርሶ መልስ ማለት ይሄ ነው። ሞሮኮም ብትሆን ቱኒዚያንና ጋናን ጥላ ካለፈች በኋላ ከስፔን ጋር ሌላ ደርሶ መልስ ተጨመረባት፤ ካዛብላንካ 1ለ0፣ ማድሪድ 3ለ2 ተሸንፋ ቀረች።

በዓመቱ አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው የሚመራው የኢትዮጵያ ቡድን የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 በፍፃሜው ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተው ነበር። ተክሌ ኪዳኔ አንዱን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሌላውን አቻ አደረጉ፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግስቱ ወርቁ ጨረሱት፣ 4ለ2። ያ ቡድን በዕድሜውም በችሎታውም ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የደረሰ ነበር።

ታዲያ በ1964 መጀመሪያ ፊፋ ለእንግሊዙ ዋንጫ ኮታ ሲያወጣ ከ16ቱ ቦታ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ አንድ ቦታ ሰጠ። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ኦሺኒያው አሸናፊ ጋር እንደገና ይጋጠማል ማለት ነው። አውሮፓ ከአዘጋጇ ጋር አሥር ይዛለች። የጋናው ኦሄኔ ጃን በቴሌግራም ተቃወሙ፣ ይድነቃቸውም አብረው ቆሙ። ሙሉ አንድ ቦታ ለአፍሪካ ካልተሰጠ አንጫወትም ተባለ። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ጉዳይም ቅሬታውን አባብሶት ነበር። ፊፋ አልሰማም። አፍሪካውያኑ ተራ በተራ ከማጣሪያው ወጡ፤ ፊፋም ቅጣት ጣለባቸው።

ውሳኔው ለይድነቃቸው ቀላል አልነበረም፤ እሳቸው እኮ የቢሮ ሰው ብቻ አልነበሩም። የገዛ ቡድናቸው፣ ዋንጫ ያነሱላቸው ልጆች፣ ከእነ መንግስቱ ወርቁ ጋር ያችን ማጣሪያ ሳይጫወቱ ቀሩ። ቢጫወቱ ያልፉ ነበር ማለት አይቻልም። ግን ኢትዮጵያ እንደዚያ ዘመን ለማለፍ ቀርባ ታውቃለች ለማለትም ያስቸግራል። እስከ 2013 ድረስ ማለት ነው።

ቦታዋን የወሰደችው ሰሜን ኮሪያ ናት። አውስትራሊያን ፕኖም ፔን ላይ 6ለ1 እና 3ለ1 ደርሶ መልስ ረትታ እንግሊዝ ገባች፣ ጣሊያንንም 1ለ0 አባረረች። በሩብ ፍፃሜ ፖርቱጋልን 3ለ0 ስትመራ ያስቆማት ማን መሰላችሁ? አራት ጎል ያገባባት ሞዛምቢክ የተወለደው ዩሴቢዮ። አፍሪካ የለችም በተባለበት ዋንጫ ኮከብ ጎል አግቢው፣ በ9 ጎል፣ የአፍሪካ ልጅ ነበር።

አድማው ሰራ። ለ1970ው የሜክሲኮ ዋንጫ አፍሪካ የራሷን ሙሉ ቦታ አገኘችና ሞሮኮ ገባች። ይድነቃቸው በ1972 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1974 ስታንሊ ሩስ በሃቬላንጅ ሲሸነፉ የአፍሪካ ድምፅ ሚዛኑን ደፍቶታል። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። በ1982 ዋንጫው ወደ 24 ቡድን ሲሰፋ የአፍሪካ ቦታ ሁለት ሆነ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች እርስ በርሳቸው በደርሶ መልስ ተጋጥመው ካሜሩንና አልጄሪያ አለፉ። የ2013ቱ የአዲስ አበባና የካላባር ጨዋታ የዚህ አይነት ነበር። ለ2026 ደግሞ ቀጥታ ቦታው ዘጠኝ ደርሷል።

ሰውየው ግትር ነበሩ የሚሉ አሉ፣ ውሸትም አይደለም። ለካፍ ገንዘብ በሚያስፈልግበት ጊዜ እንኳን የአፍሪካ ዋንጫ በመጠጥና በሲጋራ ማስታወቂያ እንዲደገፍ አልፈለጉም። ከወንበራቸውም እስከ መጨረሻው አልተነሱም፤ ኦገስት 19 ቀን 1987 ሲያርፉ የካፍ ፕሬዚዳንት ነበሩ።