የሜርል ኦቤሮን የትውልድ ታሪክ

የአንድን ዝነኛ ሰው ታሪክ ስታነቡ የተጻፈው ሁሉ እውነት ይመስላችኋልን? የሚከተለውን ታሪክ ስትከታተሉ ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙ።

ሜርል ኦቤሮን በእንግሊዝና በአሜሪካ ስሟ የገነነ የፊልም ተዋናይት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በተሠራው ፊልም ንግሥት አን ቦሊንን ሆና ተጫወተች። በ1935 በሠራችውም ሌላ ፊልም ለኦስካር ሽልማት ታጨች። በዚያ ዘመን ስለ እርሷ የሚጽፉ ጋዜጦች በአውስትራሊያ ግዛት በታዝማኒያ ደሴት እንደ ተወለደችና አባቷ በአደን ላይ እንደ ሞተ ያወሱ ነበር።

ታዲያ የዚህ ወሬ ምንጭ ማን ነበር? ወሬውን የፈጠሩት ፊልሞቿን የሚያስተዋውቁ ሰዎች ነበሩ። ከዚያም አንዱ የጻፈውን ሌላው እየቀዳ አሰራጨው። አንድ ወሬ መቶ ጊዜ ቢታተም ምስክሩ ያው አንድ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ልብ በሉ። የታዝማኒያ ሰዎችም ወሬውን አምነው ስለ ነበር፣ በ1978 የሆባርት ከተማ ሜርልን እንደ ልጇ ቆጥራ በክብር ተቀበለቻት። ሜርል በተከታዩ ዓመት በ1979 ስትሞት ምስጢሩ ገና በይፋ አልታወቀም ነበር።

በ1983 ሁለት ጸሐፊዎች ባሳተሙት የሕይወት ታሪኳ ሜርል የተወለደችው በሕንድ አገር በቦምቤይ ከተማ መሆኑን ገለጹ። ይሁን እንጂ ይህም መጽሐፍ ከስሕተት አልዳነም፤ ያሳደገቻትን ሻርሎትን እናቷ ናት ብሎ ነበርና። አንድ የቤተ ሰቧ አባል ግን በቦምቤይ የሚገኘውን የልደት መዝገብ ፈልጎ አግኝቶ ነበር። በመዝገቡም መሠረት ወላጅ እናቷ እኅቷ ትባል የነበረችው ኮንስታንስ ስትሆን፣ ሻርሎት ግን አያቷ ነበረች። ይህም እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ ተገለጠ።

አሁን ደግሞ እስቲ አስቡ፤ ሜርል እውነቱን ለምን ደበቀች? በዚያ ዘመን በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ የሕንድ ደም ያለበት ሰው ይናቅ ነበር። ትውልዷ ቢታወቅ ኖሮ ለታላላቅ ቦታዎች የመታጨት ዕድሏ እጅግ በጠበበ ነበር። ስለዚህ እንጀራዋን ለማትረፍ ስትል የትውልድ አገሯንና የአሳዳጊዋን ማንነት ሸሸገች። እናንተ በእርሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

እንግዲህ የሰው ታሪክ ስትጽፉ ሁለት ነገሮችን አትርሱ። በመጀመሪያ፣ ነገሩን ማን እንዳየውና በየትኛው መዝገብ እንደ ሰፈረ ጠይቁ። ሁለተኛም፣ እውነቱን ስታገኙ የሟቹን መከራ ለመረዳት እንጂ ለማማት አታውሉት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሆኖም የተደበቀ እውነት ይጠራ ዘንድ መዝገብ የሚገልጥ ትጉህ ሰው ያስፈልገዋል።